በመዝገብ ያልሰፈረ ጥላ

የአገሩን ስም አልናገርም። ብናገረውም አይጠቅምም፤ ፈልጎት በእግሩ የሄደ ሰው አይደርስበትም፣ ከቤቱ ያልወጣ ሰው ደግሞ እዚያው ተቀምጦበት ሊሆን ይችላል። ስለ አገሩ ማወቅ የሚያስፈልገው ይህን ብቻ ነው፦ ድሮ ደን ነበረው፣ ደኑ ተቃጠለ፣ ደኑ ተለውጦ ሊመለስ እንደሚችል ግን ማንም እንዲያስብ አልተፈቀደለትም።

እሳቱ የተነሣው በመጋቢት ነበር። ማን እንደለኮሰው እስካሁን አልተስማሙም፤ ሁሉም የሚጠረጥረው ጎረቤቱን ነው። ዘጠኝ ቀን ነደደ። በዐሥረኛው ቀን ንጉሡ ከኮረብታው ላይ ሆነው ቁልቁል ቢመለከቱ አመድ ብቻ አዩ። አለቀሱ፤ ልቅሶው የእውነት ነበር። ካለቀሱ በኋላም ዐዋጅ አስነገሩ፦ ደኑ እንደነበረ ይመለሳል፣ እንደነበረ ያልሆነ ሁሉ ደን አይደለም።

ደኑ እንዴት እንደነበረ የሚያከራክር ነገር አልነበረም። የንጉሡ አያት ዛፎቹን አንድ በአንድ አስቈጥረው ስማቸውንና ቦታቸውን በብራና አስጽፈው ነበርና። ይህ ብራና መዝገብ ይባላል። በመዝገቡ ላይ ወይራ አለ፣ ዝግባ አለ፣ ጥድ አለ፣ ኮሶ አለ። ቁጥቋጦ የሚባል ነገር ግን፣ የንጉሡ አያት ስላላዩት ይሁን ጸሐፊው ስለደከመው፣ አልተጻፈም።

ከዐዋጁ ሁለት ልማድ ወጣ። አንዱ ነቀላ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ ነቃዮች ዶማቸውን ይዘው ወደ ተቃጠለው ምድር ይወርዳሉ፤ በዝናቡ ከበቀለው ሁሉ በመዝገብ ስሙ የሌለውን ይነቅላሉ። ሁለተኛው የመቆም ቀን ነው። ደኑ የተቃጠለበት ቀን በዞረ ቁጥር እያንዳንዱ ቤተሰብ በደረሰው ዛፍ ቦታ ላይ አንድ ሰው ያቆማል። የቆመው ሰው ከፀሐይ መውጫ እስከ ቀትር እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ ይቆያል። ንጉሡ ከኮረብታው ሲያዩ ደኑ ሞልቶ ይታያቸዋል። ዝግባ የደረሳቸው ሰዎች ይኮራሉ፤ አጭር ሰው ዝግባ ከደረሰው ድንጋይ ላይ ይወጣል። ሹማምንቱ ገመድ ይዘው በሰዉ መካከል እየተዘዋወሩ ጥላ ይለካሉ። ቀትር ላይ ነጋሪት ሲመታ ሁሉም ባንድ ድምፅ «እንዴት ያለ ጥላ ነው» ይላል፤ ከዚያ ላቡን እየጠረገ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የእነ ውዳላት ቤት የደረሰው ወይራ ነበር።

ውዳላት ደኑ ሲቃጠል ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነበር። ባሏ ቢሻው በወይራው ቦታ ይቆማል፤ እሷ በነቃይነት ተመዘገበች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ነቀለች። በዚህ ሥራ የሚያህላት አልነበረም፤ የሥሩን ርዝመት ከቅጠሉ አይታ ታውቅ ነበር። መጀመሪያ ሣርና መች የሚባለው ቢጫ አበባ ይወጣል፣ አመዱን ቢጫ ያለብሰዋል፤ ትነቅለዋለች። እምቧጮ ይከተላል፣ ክትክታ ይከተላል፤ ትነቅለዋለች። በዓመቱ ስትመለስ ምድሩ እንደገና ከሣሩ ጀምሮ ይጠብቃታል፤ ፊደል ይቈጥር ዘንድ ተልኮ በየቀኑ ከሀ የሚጀምር ልጅ ይመስል። ከአራት ከአምስት ዓመት በኋላ ሣሩም እየሳሳ ሄደ። ዝናብ አፈሩን ይዞት ይወርድ ነበር። የአገሩ ምንጭ ጥልቀቱ ከወገብ ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት አነሰ። ሹማምንቱ ይህን ሲሰሙ ነቀላው በደንብ አልተሠራም ማለት ነው ብለው ነቃይ ጨመሩ።

እሳቱ በተነሣ በስድስተኛው ዓመት ከሌላ አገር ሰዎች መጡ። የእነሱም አገር ነዶ ነበር። ከመካከላቸው አንዲት ሴት ምንጩ ዳር ደርሳ ውሃ ሳትጠጣ ሞተች፤ ጀርባዋ ላይ የሁለት ዓመት ሴት ልጅ ነበረች። ውዳላትና ቢሻው ልጅ አልነበራቸውም። ውዳላት ሕፃኗን ከሟቿ ጀርባ ፈታ ወደ ቤቷ ወሰደቻት፤ ትብለጥ ብላም ስም አወጣችላት።

ልጅቱ አደገች። ነገር ግን የሰዎችም መዝገብ አለና፣ ከእሳቱ በኋላ የመጣ ሁሉ «ድኅረ እሳት» ተብሎ ከመዝገብ ውጭ ነው የሚኖረው። ያልተጻፈ ሰው አይዳርም፤ ያልተጻፈ ሰው በመቆም ቀን አይቆምም፤ ውሃ ቢቀዳም ሌላው ቀድቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። ትብለጥ ይህን ሁሉ ቻለችው። እንጨት ከሩቅ ትለቅማለች፣ እሾህ የበላውን የእናቷን እጅ በሞቀ ውሃ ታጥባለች፣ በሳቅም ታጫውታታለች። ቢሻው ሲሞት ለውዳላት የቀረላት ሰው እሷ ብቻ ነበረች።

ቢሻው የሞተው በነቀላው ወር ነው። በዚያ ዓመት ውዳላት ሐዘን ተቀምጣ ስለነበር ወይራው የነበረበትን ቦታ ሳትነቅል ቀረች። ቦታው ከትልቅ ቋጥኝ ሥር ያለ ጎድጓዳ ነው፤ ሹማምንቱ ቁልቁለቱን ስለማይወዱት ወደዚያ አይወርዱም፣ በመቆም ቀንም በባሏ ፋንታ የምትቆመውን የውዳላትን የእጅ ጫፍ ከላይ ሆነው አይተው «ወይራ፣ አለ» ብለው ያልፋሉ። በዓመቱ ዶማዋን ይዛ ስትወርድ አንድ አጋም ጉልበት አውጥቶ አገኘችው። ልትነቅለው ጎንበስ አለች፤ እሾሁም ወጋት። ደሟን እየመጠጠች አጠገቡ ተቀመጠችና ሳትነቅለው ተመለሰች። ባሏ ሃያ ሁለት ዓመት የቆመበት ቦታ ላይ አንድ ሕይወት ያለው ነገር ማየት አምሯት ይሆናል።

አጋሙ ሰፋ። ነጭ አበባው ሲፈነዳ ንብ መጣ፤ ጥቁር ፍሬው ሲበስል ወፍ መጣ። ውዳላት ፍሬውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ለትብለጥ ትወስድላት ነበር። ወፎቹ ከየት እንደሚመጡ አታውቅም፤ ከሩቅ፣ ዛፍ ካለበት አገር መሆን አለበት፣ በልተው የመጡትን እዚያው አጋሙ ላይ አርፈው ይጥላሉ። በአምስተኛው ዓመት ከአጋሙ እሾህ ሥር፣ እርጥብ ጥላው ውስጥ፣ ቅጠሉ ከላይ አረንጓዴ ከታች ብርማ የሆነ አንድ ቡቃያ አየች። ወይራ ነበር። ከእሳቱ ወዲህ በዚያ ምድር በራሱ የበቀለ የመጀመሪያው ወይራ ይህ ነው።

ውዳላት ያን ቀን ተንበርክካ አለቀሰች። ያስለቀሳት ደስታው ብቻ አልነበረም። ይህን ሁሉ ዓመት ስትነቅል የኖረችው የወይራውን ሞግዚት እንደነበረ ገባት። ስንት ወይራ ሊሆን የነበረ ጥላ በእጇ እንዳጠፋች መቁጠር ጀምራ ተወችው።

ነገሩን ለትብለጥ ብቻ ነግራ ሦስት ዓመት ደበቀችው። ቡቃያው ጉልበቷ ደረሰ።

ሠላሳኛው ዓመት ሲቃረብ ግን አዲስ ዐዋጅ ወጣ። ደኑ ዘግይቷልና ምክንያቱ ተመርምሯል፤ ከመዝገብ ውጭ የሆነ ሁሉ ምድሩን ስለሚያጣብብ ነው፤ ስለዚህ ሰውም እንደ ዛፉ በመዝገብ ይታይ፣ ድኅረ እሳት የሆነ ሁሉ ከመቆም ቀን በፊት ከአገር ይውጣ የሚል። ዐዋጁን ያስነገረው የመዝገቡ አዛዥ ንዳው ነበር። አዛዥ ንዳው ክፉ ሰው አልነበረም። መዝገቡን በቃሉ የሚያውቅ፣ የእያንዳንዱን ዛፍ ስም ሲያነሣ ድምፁ የሚርድ ሽማግሌ ነው። ጥላ በሌለበት አገር ስለሚዘዋወር አንድ ሎሌ ጃንጥላ ይይዝለታል፤ ጃንጥላው ግን በደንቡ መሠረት «ጊዜያዊ ቅርንጫፍ» ተብሎ ነው የሚጠራው።

ውዳላት ዐዋጁን በሰማች ማግሥት አንድ ሐሳብ መጣላት፤ ሐሳቡም አላስተኛትም። አዛዡን ወስጄ ቡቃያውን አሳየዋለሁ፤ ነባሩን ያሳደገው መጤው መሆኑን በዓይኑ ካየ ዐዋጁ ይቀራል አለች። ለትብለጥ ስትነግራት ትብለጥ ወጥ የምታማስልበትን እጇን አቆመች።

«እማ፣ ተዪው። እነሱ ያዩትን ነገር እንዲሁ አይተዉም።»

«ካላዩማ አንቺን ይወስዱብኛል። ሲያዩት ይገባቸዋል ልጄ፤ እኔ መሃይሟ እንኳ ገብቶኛል።»

«አንቺ የገባሽ ሠላሳ ዓመት በእጅሽ ነክተሽው ነው። እሱ የነካው ብራና ብቻ ነው።»

ውዳላት ልጇ ፈርታ ነው የምትናገረው ብላ አሰበች። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

አዛዥ ንዳው ከነጸሐፊውና ከነጊዜያዊ ቅርንጫፉ ቁልቁለቱን እየተንፏቀቀ ወረደ። ውዳላት የአጋሙን ቅርንጫፍ በዶማዋ እጀታ ገለጥ አድርጋ አሳየችው። ሽማግሌው ቀስ ብሎ ተንበረከከ፣ ቅጠሉን በሁለት ጣቱ ገልብጦ ብርማውን አየ፣ እንባውም ጺሙ ላይ ወረደ። ጸሐፊውን ከመዝገቡ እንዲያነብ አዘዘው፤ «ከቋጥኙ ሥር፣ ወይራ አንድ» ይላል። ቦታው ሳይቀር ገጠመ።

ውዳላት ጊዜው አሁን ነው ብላ ያሰበችውን ሁሉ ተናገረች። ወፏ አጋሙ ላይ ባታርፍ ዘሩ እንደማይወድቅ፣ የአጋሙ ጥላ ባይኖር መጋቢትን እንደማያልፍ፣ እሾሁ ባይኖር ፍየል እንደምትጨርሰው አንድ በአንድ አስረዳች። ልጇም ለእሷ እንደዚሁ እንደሆነች፣ ባትኖር በዚህ ዕድሜዋ ማን ደግፎ እንደሚያቆማት እንደማታውቅ ነገረችው። አዛዡ እየሰማት አልነበረም። እሾሁን ነበር የሚያየው።

«ምስኪን» አለ፤ ቡቃያውን ነው ያለው። «ስንት ዓመት ነው እንዲህ ታስሮ የኖረው?»

«አልታሰረም ጌታዬ። ተጠልሎ ነው።»

«እሜቴ ውዳላት፣ እርስዎ ደግ ሰው ነዎት፤ ለአሳሪው ሳይቀር ጠበቃ ቆሙለት። ነባሩ በእሾህ መካከል ይህን ያህል ካደገ፣ እሾሁ ቢነሣለት የት በደረሰ ነበር?» ከዚያም ወደ ጸሐፊው ዞሮ ደኑ መመለስ መጀመሩን፣ ስለዚህም ዐዋጁ ትክክል እንደነበረ፣ ድኅረ እሳት የሆነውም ሁሉ ከእንግዲህ የሚቆይበት ምክንያት እንደሌለው እንዲጻፍ አዘዘ።

አጋሙን የመንቀሉ ክብር ላገኘችው ለውዳላት ተሰጠ። ክብር ነው የተባለው። ሹማምንቱ በቋጥኙ ላይ ቆመው እያዩ ዶማዋን አነሣች። የአጋሙ ሥር ሦስት ነበር። ሁለቱን አወጣች። ሦስተኛው ጋ ስትደርስ ቆረጠችውና ጉቶውን በአፈር ሸፈነችው። በነቃይነት ዘመኗ ሥር ትታ አታውቅም፤ ያን ጊዜ ለምን እንዲህ እንዳደረገች ቢጠይቋት ክንዴ ዝሎ ነው ትል ነበር።

ድኅረ እሳት የተባሉት በመጋቢት መግቢያ ወጡ። ለመውጣትም ሥርዓት ተሠርቶለት ነበር። በመጀመሪያ ለቆይታቸው ይመሰገናሉ። ከዚያ ለእያንዳንዳቸው አንድ ቅርንጫፍ ይሰጣቸዋል፤ እሱን ከኋላቸው እየጎተቱ ዱካቸውን ይጠርጋሉ፣ ምድሩ እንዳልተረገጠ ሆኖ እንዲቀር። በአገሩ ሌላ ቅርንጫፍ ስላልተገኘ የተነቀለውን አጋም ቈራርጠው አከፋፈሉት።

ውዳላት ትብለጥን እስከ አገሩ ኬላ ሸኘቻት። መንገድ ላይ ብዙ ልትናገር አስባ ነበር፤ ይቅርታ ልትጠይቅም። ኬላው ጋ ሲደርሱ ትብለጥ የእናቷን እጅ ገልብጣ መዳፏን ሳመችው፤ እሾህ የወጋውን ቦታ።

«በደልኩሽ ልጄ» አለች ውዳላት። «እኔ ባላሳየው ኖሮ…»

«ባታሳዪውም ያስወጡኝ ነበር እማ። አንቺ እንድቀር ብለሽ ነው። እሱን ይዤ ነው የምሄደው።»

ይህን ብላ ቅርንጫፏን መጎተት ጀመረች። ውዳላት ከኋላዋ ቆማ አየች። ልጇ በተራመደች ቁጥር ዱካዋ ይወጣል፤ ወዲያው ቅርንጫፉ ደርሶ ይጠርገዋል። ከመታጠፊያው ካለፈች በኋላ መንገዱ ማንም ያልሄደበት መስሎ ቀረ።

ወይራው ግን እንደ ንጉሥ ልጅ ተያዘ። ዙሪያውን የድንጋይ አጥር ታጠረለት፣ ዘበኛ ተቀጠረለት፣ በየቀኑም ቀትር ላይ፣ ሕዝቡ ማየት እንዲችል፣ ነጋሪት እየተመታ ውሃ ይፈስስለት ጀመር። ውዳላት ወደ አዛዡ ሄዳ ማታ ማታ ቢጠጣ፣ በላዩም ሰሌን ቢጣልለት ብላ ለመነች። ሰሌን በመዝገብ የለም ተባለች። የመጋቢት ፀሐይ ያለ ከልካይ ወረደበት። በሳምንቱ ቅጠሉ ተጠቀለለ፤ በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን ስትነካው እጇ ላይ ተሰባበረ።

ዘበኛው ለአዛዡ አሳወቀ። ሹማምንቱ ሁለት ቀን መከሩ። አንዱ ግንዱን አረንጓዴ እንቀባው የሚል ሐሳብ አምጥቶ ነበር፤ ለቀለም የሚጨመቅ ለምለም ቅጠል ቢፈለግ በአገሩ ስላልተገኘ ቀረ። በመጨረሻ አዛዥ ንዳው ፈረደ። ወይራው በመዝገብ «ቆሟል» ተብሎ ተጽፏል፤ መዝገብ የቆመ ያለውን ማንም ሞተ ሊል አይችልም። ስለዚህ ወይራው ቆሟል። የእነ ውዳላትም ቤት ዛፉ ስለተመለሰለት ከእንግዲህ ከመቆም ነጻ ነው።

ውዳላት ያን ዓመት እንዴት እንዳለፈችው እኔም አላውቅም፤ የነገሩኝም አላወቁም። እንጨት የሚለቅምላት የለም፣ የምታማክረው የለም። ምሽት ላይ ለሁለት ሰው የሚሆን ሽሮ ሠርታ ታገኘውና ተቀምጣ ታየዋለች ይባላል።

ክረምቱ መጣና ሄደ። በጥቅምት ነቃዮቹ ወጡ፤ የወይራው አጥር ግን የተከበረ ቦታ ስለሆነ ወደ ውስጥ እንዳይገቡ ተከልክለዋል። ውዳላት በነቃይነት መብቷ ሳይሆን በለቅሶተኛ ወግ አንድ ቀን ወደዚያ ወረደች፤ ዘበኛው አዝኖላት አስገባት። የደረቀው ግንድ እንደ ጣት ቆሟል። ከአጠገቡ፣ በአፈር ከሸፈነችው ጉቶ፣ ሁለት ቅጠል ያለው አንድ የአጋም ለጋ ወጥቷል።

ለረጅም ጊዜ ጎንበስ ብላ አየችው። ከዚያ በልቧ ታሰላው ጀመር፦ አጋሙ ጥላ እስኪያወጣ አራት ዓመት፣ ወፏ እስክትመጣ አንድ፣ ወይራው ጉልበት እስኪደርስ ሦስት። እሷ በዚያ ጊዜ አትኖርም። ትብለጥ ትኖራለች፤ ግን ትብለጥ የሄደችበትን መንገድ የሚያሳይ ዱካ የለም። አፈሩን በእጇ መታ መታ አድርጋ ወጣች።

የመቆም ቀን ደረሰ። በዚያ ዓመት አዛዥ ንዳው ራሱ ወደ ወይራው እንደሚወርድና መዝገቡን እዚያ እንደሚያነብ ተነግሮ ነበር። ፀሐይ ስትወጣ ውዳላት ረጅሙን ቀሚሷን ለብሳ ወደ ጎድጓዳው ወርዳ ቆመች፤ እጆቿንም ወደ ላይ ዘረጋች። አዛዡ ከቀትር በፊት መጣና አያት። ደነገጠ፣ ከዚያም ራራላት።

«እሜቴ፣ እርስዎ ነጻ ወጥተዋል እኮ። ዛፍዎ ቆሟል።»

«ልማድ ሆኖብኝ ነው ጌታዬ። ብቆም ማንን እጎዳለሁ?»

አዛዡ ደንቡን በልቡ ቢያገላብጥ የሚከለክል አጣ። መዝገቡን አነበበ፣ ወይራ አንድ አለ፣ የደረቀውን እንጨት ሳያይ ሰግዶለት ወጣ። ነጋሪቱ ተመታ። ከሜዳው ሁሉ «እንዴት ያለ ጥላ ነው» የሚለው ድምፅ ተሰማ፤ ሰውም ላቡን እየጠረገ መበታተን ጀመረ።

ውዳላት አልሄደችም። ፀሐይዋ ከአናት ላይ ነበረች፣ የሚደግፋትም ሰው አልነበረም። ሁለቱ የአጋም ቅጠሎች በቀሚሷ ጥላ ውስጥ ነበሩ። ዘበኛው ከአጥሩ ውጭ ሆኖ፣ ቀትር አልፏል፣ ይሂዱ እንጂ አላት። ጀንበሯ ዘወር እስክትል ትንሽ ልቆይ አለችው።